ግድግዳ የነካ ይቀመጥ

እትዬ ቦጋለች ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተመለሱ መጻሕፍት እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። «የሺ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ በይ የሚል ሰው ምን ሊያረዳ እንደሆነ ስለሚታወቅ ቆሜ ሰማኋቸው። ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት አልነቁም፤ አንሶላው እንኳ አልተዛነፈም አሉኝ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ለወትሮው ወሬ አያልቅባቸውም። ያን ቀን ግን «እንደዚያ ቀጥ ብሎ መሄድ ለማን ይሰጣል» ብቻ አሉ። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታውስም።

ቀብሩ የካ ሚካኤል ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የማላውቃቸው ሰውዬ፣ ሟቿ በጠጅ ቤታቸው ደንበኞች ላይ ያን ሁሉ ጥብቅነት ያመጡት ባላቸው ሰክሮ ገደል ገብቶ ስለሞተባቸው ነው ብለው አጠገባቸው ላለው ሰው ሲያወሩ ሰማሁ። ስህተት ነው። ባለቤታቸው የሞቱት በኩላሊት ሕመም፣ አልጋቸው ላይ ነው። እትዬ ቦጋለች በሕይወት ሳሉም ይህ ወሬ ይደርሳቸው ነበር። «ሰው ሕግ ሲያይ ከኋላው ሬሳ ይፈልጋል» ይሉና ይስቃሉ። እኔ ግን የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልበትም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ማረም ነውር ስለሆነ ያን ቀን ዋጥ አደረግሁት። እዚህ እንደነበረው ልጻፈው።

ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው። ታክሲው ሰው ከሚያራግፍበት አልፎ፣ መንገዱ አስፋልትነቱን ትቶ ድንጋይና ጭቃ የሚሆንበት፣ ከዚያ ወዲያ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጥግ ላይ። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ወንዙ በቦረቦረው ገደል አፋፍ አፋፉን ይሄዳል። ከፊት ጠጅ የሚሸጡባት አንዲት ሰፊ ክፍል ከነበረንዳዋ፣ ከኋላ የሚያከራዩዋቸው ትንንሽ ክፍሎች ነበሯቸው። ከኋለኞቹ በአንዷ ለብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስገባ ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፎ ገና የማታ ተማሪ ነበርኩ፤ ጠጅ ቤት ግቢ ውስጥ ማጥናት ይቻላል ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እዚህ ቤት የሚጮኸው ዶሮ ብቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ጸጥታው የመጣው ከምንጣፍ ነው። የጠጅ ክፍላቸውን ወለል አስተካክለው አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ያነጠፉ ጊዜ ክረምት ነበር። የፈረንሳይን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰውየውን ለቆ ጫማውን ያስቀራል። ስለዚህ ደንበኛ ሁሉ ጫማውን በረንዳው ላይ እያወለቀ እንዲገባ አዘዙ። ነገሩ የጽዳት ብቻ ነበር። ነገር ግን የገባ ሰው ይወጣል፣ ሲወጣ ጫማውን ያጠልቃል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ መቀመጫ የለም። እትዬ ቦጋለች በሩ ላይ ቆመው ሲመለከቱ፣ አንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን ያደርጋል፣ ሌላው ግድግዳውን ይደገፋል። ቀስ በቀስ የሚደገፈው ማን እንደሆነ፣ ከስንተኛው ብርሌ በኋላ እንደሚደገፍ አወቁ። ያ ነው የሕጉ መነሻ። ከኋላው ያለው ምንጣፍ እንጂ ሬሳ አይደለም።

ሕጉም አጭር ነው፦ ግድግዳ የነካ ይቀመጥ። የነካ ሰው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ንፍሮና ውሃ ይሰጠዋል፣ ጠጅ አይጨመርለትም፤ እንደገና ቆሞ ጫማውን እስኪያጠልቅ ድረስ አይሄድም። ክርክር የለም። አንድ ጊዜ ማሰሪያው የረዘመ ጫማ ያደረጉ አንድ ባለሥልጣን መሳይ ሰው ግድግዳውን ነክተው፣ «እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ ማሰሪያው ነው ያስቸገረኝ» ቢሏቸው፣ «ማሰሪያው ስንት ጠጣ?» አሏቸው። ሰውየው ስቀው ገቡ። ንፍሮውን ወደዱት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል።

አጭር፣ እግረ ሰፊ ሴት ነበሩ፤ ዓመት እስከ ዓመት ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርጉት። የተወለዱት ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ መውረጃ ነው። ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር። ደንበኛ ሲያናግራቸው ፊቱን አያዩም፤ ቁልቁል እግሩን ነው የሚያዩት። «ምላስ ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል፤ ቁርጭምጭሚት ግን መዋሸት አልተማረም» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ጠጅ አይጠጡም። መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ በጣታቸው ጠቅሰው ይቀምሱና ይተፉታል። «የሚሸጥ አይጠጣም፣ የሚጠጣ አይሸጥም» የሚለውን ከእናታቸው እንደወረሱት ነግረውኛል፤ እናታቸውም ጠጅ ጣይ ነበሩ።

ከሕጉ ጋር ብዙ የታገሉት ጋሽ ደምሴ ናቸው። በጅቡቲና በሰሜን መንገድ ብዙ ዓመት የነዱ፣ በነዱበት ዘመን አንድም ሰው ሳይጎዱ ጡረታ የወጡ፣ በዚህም የሚኮሩ ሰው ናቸው። «እኔ ታርማ በር ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ያወረድኩ ሰው እዚህ በረንዳ ላይ ልወድቅ ነው?» ይሏቸዋል። «እዚያ የወረደው መኪናው ነው፣ እዚህ የምትወርደው አንተ ነህ» ይመልሱላቸዋል። ጋሽ ደምሴ ተለማመዱ። እውነቴን ነው፤ ቤታቸው ውስጥ በአንድ እግር መቆም ይለማመዱ እንደነበር ባለቤታቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ውሎ አድሮም ጠጅ በጠጅ ሆነው እንኳ በረንዳው መሀል ቀጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተክለው፣ ጫማቸውን ሳይነቃነቁ ማጥለቅ ቻሉ። እትዬ ቦጋለች ቁርጭምጭሚታቸውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግን ግድግዳው አልተነካም፣ ሕግ ሕግ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ምሽት ሲይዝ፣ ጋሽ ደምሴ አንድ እግራቸውን አንስተው ሳለ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው የጫማ ኳኳታ ሰማን። ባትሪ ሲበራ ጋሽ ደምሴ የሰው ሁሉ ጫማ ላይ ተንጋለው ተገኙ። «መብራት ኃይል ነው የጣለኝ» አሉ። ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ እትዬ ቦጋለች ሕጉ ላይ አንዲት ቃል ጨመሩበት፦ ጫማውን የሚያጠልቅ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍን።

በማግስቱ እኔ ክፍል መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ተማሪ» አሉኝ፤ ሁልጊዜም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነበር፤ «የሚቆመው በእግር ነው። ዓይን ምን አገባው?»

እንደ ዕድል ሆኖ የባዮሎጂ መምህራችን ያን ሰሞን የሚያስተምሩን ስለ ስሜት ሕዋሳት ነበር። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሦስት ምስክር ነው አልኳቸው። አንደኛው ዓይን ነው፤ አድማሱን አይቶ ይመሰክራል። ሁለተኛው እግርና መገጣጠሚያ ነው፤ መሬቱ የት እንዳለ፣ ክብደታችን በየትኛው በኩል እንዳጋደለ ይናገራል። ሦስተኛው ጆሮ ነው። ዳኛው ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ከማጅራታችን በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ነው፤ የሦስቱን ቃል ሰምቶ ይህን ጡንቻ ሳብ፣ ያን ልቀቅ እያለ ያዛል። ጠጅ ሲገባ ዳኛው ያንቀላፋል። ዓይን አጥብቆ ከጮኸለት እንደምንም ይሰማል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የሚጮህለት የለም።

«ጆሮማ ለመስማት ነው» አሉ።

ጆሮ ውስጥ፣ ከሚሰማው ክፍል አጠገብ፣ ውሃ የሞሉ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች እንዳሉ ነገርኳቸው። ጭንቅላታችን ሲዞር ቀለበቱ አብሮ ይዞራል፣ ውሃው ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ መቅረቱ ነው መዞራችንን የሚነግረን። ተነሥተው ሄዱና ብርሌ ውስጥ ውሃ ጨምረው፣ የጌሾ ብናኝ ጣል አድርገውበት መጡ። በመዳፋቸው ላይ አሾሩት። ብርሌው ዞረ፣ ብናኙ ባለበት ቆየ፤ ቆይቶ መዞር ጀመረ። ብርሌውን ቀጥ ሲያደርጉት ብናኙ መዞሩን አላቆመም። ደጋግመው አዩት። «በልጅነቴ ተሽከርክሬ ተሽከርክሬ ስቆም ሜዳው የሚዞረው ለዚህ ነዋ» አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ብዙ ሰው ትምህርት ቤት ተመላልሶ የማያገኘው ነው።

ቀጥለው የጠየቁኝ ከባድ ነበር፤ የሰከረ ሰው ጋደም ሲል አልጋው የሚዞርበት ለምንድን ነው? አላወቅሁትም። መምህሩን ጠይቄ መጣሁ። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ውሃው ሲገፋው የሚያዘነብል ዝልግልግ መጋረጃ አለ። አልኮል ከደም ወጥቶ ከውሃው ቀድሞ መጋረጃው ውስጥ ይገባል፤ መጋረጃው ከውሃው ይቀልና ይንሳፈፋል። ሰውየው ሳይነቃነቅ ተኝቷል፣ ጆሮው ግን እየዞርክ ነው ይለዋል። እትዬ ቦጋለች «ሰፈፍ ሆነ ማለት ነው» አሉ። «ማር ይሰምጣል፣ ሰፈፍ ይንሳፈፋል።» መምህሩም ከዚህ የተሻለ አልነገሩኝም።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ዓመት፣ መስከረም ካለፈ በኋላ፣ እትዬ ቦጋለች ግድግዳ መንካት ጀመሩ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳላቸው ስገባ የአልጋቸውን ራስጌ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ጎናቸውን ሲያዞሩ ቤቱ አብሮ ዞረባቸው። ወዲያው ተዋቸውና «ባዶ ሆዴን ሆኜ ነው» አሉ። ሌላ ቀን ከመደርደሪያው ብርሌ ሊያወርዱ ቀና ሲሉ ያዛቸው። ሌላ ቀን ጋኑ ላይ ሲያጎነብሱ። እያንዳንዱ ጊዜ አጭር ነው፤ ግን ያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ የሚያልፍበት ቤት አይደለም። ስንት ዓመት ቁርጭምጭሚታቸው ሲታይ የኖሩ ሰዎች አሁን በተራቸው የእሳቸውን ማየት ጀመሩ። «እትዬ፣ የዘንድሮው ማር ጠንከር ያለ ነው መሰለኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን። ተሳቀ። እትዬ ቦጋለች አልሳቁም።

ጠጅ ሻጭ ራሷ ጠጪ ከሆነች ሰፈር ምን እንደሚላት የታወቀ ነው። ለእሳቸው ደግሞ ከዚያም የከፋ ነበር። ሕጋቸው የቆመው እሳቸው ስለማይጠጡ ብቻ ነው። ይጠጣሉ ከተባለ በረንዳው ላይ ማንም አይታዘዛቸውም፤ ያልታዘዘ ሰው ደግሞ እየተወላገደ በዚያ ገደል አፋፍ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ይህን አፍ አውጥተው አልነገሩኝም። ግን ማታ ማታ የመጨረሻው ደንበኛ ከሄደ በኋላ በረንዳው ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ፣ የሚያስቡት ይህንኑ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። «ሐኪም መጀመሪያ የሚያሸተው አፌን ነው። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ ቆዳዬ ሁሉ ጠጅ ጠጅ ይላል። ምን ብዬ ላሳምነው?» ይልቅ ጠበል እገባለሁ አሉ፤ እንጦጦ ላይ ካሉት ጠበሎች በአንዱ ሱባኤ ሊይዙ ተሳሉ። ልብሳቸውን ልይዝላቸው አብሬ ወጣሁ። ተራቸው ደርሶ ከቧንቧው ሥር ገቡ፣ እንደ ሌላው ሰው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ፤ በዚያው ቅጽበት ጮኹ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት አንቀው ያዙ፣ ተንበረከኩ። «ጮኸ! ጮኸባት!» ተባለ። ማን ነህ፣ ከየት ያዝካት፣ ልቀቅ እያሉ ሴቶቹ ከበቧቸው። ከመካከላቸው አንዲት የፈረንሳይ ሰፈር ሴት ለይታቸው ኖሮ፣ «ጠጅ ሻጯ እኮ ናት። የስካር መንፈስ ነው» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ስታለቅስላቸውም አይቻለሁ። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ቁልቁለቱን ወረደ። እትዬ ቦጋለች ሱባኤያቸውን ሳይጨርሱ አቋረጡ።

የሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሙሉ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሊሄዱ ተነሡ፣ በረንዳው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ተንገዳገዱ፣ ግድግዳውን ነኩ። ተቀመጥ ተባሉ። «ዛሬስ አልቀመጥም» አሉ። ቀጥለውም «እስቲ እርስዎ ያድርጉትና ልየው» አሉ።

ቀልድ አድርገው የጀመሩት ይመስለኛል፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን ቀልድ መሆኑ ቀረ። ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። እኔ የንፍሮ ሳህን ይዤ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። ቢቆጡ ማንም ቀና ብሎ የሚያያቸው አልነበረም፤ ቤቱ የእሳቸው ነው። አልተቆጡም። ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። በረንዳው መሀል በአንድ እግራቸው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆሙ። የባሕር ዛፍ አጣና ይመስል ውልፍት የለም። ከውስጥ «እህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዓይናቸውን ገለጡና ጫማቸውን ሊያጠልቁ ወደ መሬት አጎነበሱ። ጭንቅላታቸው ዝቅ እንዳለ ያዛቸው፤ መዳፋቸው ግድግዳውን ጧ አደረገው።

ማንም አልሳቀም። እስኪለቃቸው እንደተደገፉ ቆዩና ቀና አሉ።

«ነካሁ» አሉ። «የነካ ይቀመጣል።»

ገብተው ደንበኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ተማሪ፣ ንፍሮና ውሃ አምጪልኝ» አሉኝ። አመጣሁላቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ በአንድ እየቆረጠሙ በሉት። ሰዉ ጫማውን እያደረገ ወጣ። ጋሽ ደምሴ መጨረሻ ላይ ወጡ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር ጫማቸውን ያሰሩት። በማግስቱ የጠጅ ቤቱ በር አልተከፈተም፤ በሳልስቱም አልተከፈተም።

እኔ ግን አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። የሰከረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይቆምም፤ ጋሽ ደምሴን ያየ ምስክር ነው። የያዛቸው ሲያጎነብሱ ነው። ጠበሉ ላይ ቀና ሲሉ ነው። አልጋ ላይ ጎናቸውን ሲያዞሩ ነው። ሁልጊዜም ለአፍታ፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ። ይህን እያሰላሰልኩ ገባሁና ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ስካር ሰው እስኪያጎነብስ አይጠብቅም» አልኳቸው። «ዳኛው አላንቀላፋም። ከምስክሮቹ አንዱ ነው የሚዋሸው።»

እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና «ጆሮዬ?» አሉ።

«ይመስለኛል። ግን እኔ ተማሪ ነኝ፤ የሚያውቅ ሰው ይየው።»

ለመሄድ የተስማሙት የእኔን ቀሚስ ለብሰው ነው፤ የእሳቸው ሁሉ ጠጅ ስለሚሸት። እኔ ከእሳቸውም የማጥር ቀጭን ነኝ፤ ቀሚሱ ከጉልበታቸው ብዙም አልወረደም፣ ትከሻው ላይ ሊተረተር ደርሷል። ታክሲ ውስጥ ነጠላቸውን እስከ እግራቸው እየጎተቱ «እንዲህ ሆኜማ ሰካራም ነሽ ቢሉኝ ምን ይፈረዳል» አሉ። ከያዛቸው ወዲህ ሲቀልዱ የሰማኋቸው ገና ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። የጆሮ ሐኪም ናት። መቼ መቼ እንደሚይዛቸው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አልኮል ይወስዳሉ ወይ ስትል «እሸጣለሁ እንጂ አልወስድም» አሏት። ፈገግ ብላ ቀጠለች፤ አፋቸውን አላሸተተችም። አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አዙራ፣ ከአልጋው ጫፍ እስኪንጠለጠል ድረስ ወደ ኋላ አስተኛቻቸው። እትዬ ቦጋለች ክንዴን ጨመደዱት። «ዓይናቸውን እዪ» አለችኝ። ዓይናቸው እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይመላለስ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ አለ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ መላ ሰውነታቸውን በጎን፣ እያንዳንዱ ላይ እየቆየች አዞረቻቸውና ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

ጆሮ ውስጥ፣ ላይና ታች የቱ እንደሆነ የሚነግሩን ከአሸዋ ያነሱ ጠጠሮች አሉ አለች። በዕድሜ ጥቂቶቹ ከቦታቸው ይለቁና ውሃው ያለበት ቀለበት ውስጥ ይገባሉ፤ ጭንቅላት ባዘነበለ ቁጥር እየተንከባለሉ ውሃውን ይገፉታል። አሁን ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አድርጋለች።

«አተላ ነው በዪኛ» አሉ እትዬ ቦጋለች። «ጋኑ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው ብርሌው ውስጥ የገባ አተላ።»

ሐኪሟ ከት ብላ ሳቀች። ቆይታ እንደገና አስተኛቻቸው። ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ላይ እያዩ ብዙ ቆዩ። «ኮርኒሱ ቆመ» አሉ ቀስ ብለው፤ እንባቸው በጎን ወደ ጆሯቸው ወረደ። ሐኪሟ ሊመለስ ይችላል፣ ከተመለሰ ይምጡ፣ እንደገና እናስገባዋለን ብላ ሸኘችን።

ታክሲ ውስጥ እኔ አላርፍ አልኩ። ጋሽ ደምሴን አስጠርቼ፣ የባዮሎጂ መጽሐፌን ገልጬ፣ ሥዕሉን አሳይቼ አስረዳቸዋለሁ አልኩ። እትዬ ቦጋለች አልሰሙኝም። «የተሳልኩት ሱባኤ አለብኝ» አሉ። የሕክምናው ድካም ለቀቅ ሲያደርጋቸው እንደገና እንጦጦ ወጣን። ያቺ የፈረንሳይ ሴት እዚያው ነበረች። እትዬ ቦጋለች ከቧንቧው ሥር ገቡ፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ፣ ውሃው ወረደባቸው። ቆሙ። ከሌላው ሰው ሁሉ አስበልጠው ቆሙ።

«ለቀቃት!» አለች ሴትዮዋ፤ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

እኔ ወደ ፊት ራመድ አልኩ። መንፈስ አልነበረም፣ ጆሯቸው ውስጥ ነው ብዬ ልጀምር ስል እርጥብ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። እትዬ ቦጋለች ለሴትዮዋ «አሜን፣ አሜን» አሏት። ሳሟትም።

በባሕር ዛፉ መሀል ስንወርድ ተናድጄ ነበር። አሁን እኮ ስካር ነበረባት ብለው ነው የሚያምኑት አልኳቸው።

«ለቆኛል ወይስ አልለቀቀኝም?»

«ለቆዎታል። ግን...»

«እንግዲያ በየት በር እንደወጣ ምን አስጨነቀሽ? ሴትዮዋ እልል ብላልኛለች። እልልታዋን ቀምቼ ስለ ጆሮዬ ላስተምራት?»

እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁበትም፤ ዛሬም ቢሆን ትክክለኛው በር ቢነገር እመርጣለሁ። ግን የእልልታ መሀል ገብቶ ሰው ማረም ከዚያ ወዲያ ትቻለሁ።

ጠጅ ቤቱ በእሑድ ተከፈተ። ሰው አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም መጣ። ምን ሆነው እንደነበር ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። እንደ ወትሮው ጋኑ ላይ እያጎነበሱ ይቀዳሉ፣ ቀና እያሉ ብርሌ ያወርዳሉ፤ የሚያየው ያያል። ቀኑ ሲመሻሽ ጋሽ ደምሴ ተነሡ። በረንዳው ላይ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በአንድ እግር እንደቆሙም ወደ ጎን ዘንበል ብለው ግድግዳውን ነኩ። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ደምሴ፣ ተቀመጥ» አሉ እትዬ ቦጋለች።

ጋሽ ደምሴ ወዲያው አልገቡም። ድምፃቸው እንደዚያኛው እሑድ አልነበረም፤ ለብቻቸው የሚያነጋግሯቸው ይመስል ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ እርስዎም ነክተው ነበር እኮ» አሉ።

«ነክቼ ተቀመጥኩ።»

ጋሽ ደምሴ የያዙትን ጫማ አዩት። ከዚያ አጎንብሰው ከሌላው ጫማቸው አጠገብ አስተካክለው አስቀመጡትና ገቡ።

«ንፍሮው ትኩስ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።